ከአራት ቀጥሎ ሰባት

እኔ ቂመኛ ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምለው፣ ጅማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሰሞኑን ቂመኛ እያለ ስለሚያማኝ ነው። ለሐጅ የተነሳን አዛውንት ይቅር አልልም ብሎ ያስጨነቀ፣ ሽማግሌ እንደቆመ የመለሰ፣ በሽኝት ድንኳን ውስጥ የሰው ደስታ ያደፈረሰ ይሉኛል። እውነት ነው፣ ሦስቱንም አድርጌያለሁ። ነገም ቢመጣ አደርገዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔው አፍ ስሙትና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ስሜ ከማል ነው። ዕድሜዬ ስልሳን አልፏል። አወቱ መንደራ ሠፈር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ እየጠረብኩ እኖራለሁ። ድሮ ግን ቦክሰኛ ነበርኩ። ቦክሰኛ ስላችሁ በሠፈር የተደባደበ ማለቴ አይደለም። የከፋ ክፍለ ሀገርን መለያ ለብሼ በሪንግ ውስጥ የተፋለምኩ፣ ስሜ በድምፅ ማጉያ የተጠራ ሰው ነበርኩ።

ዛሬ ለወጣቶች ስነግራቸው ይስቁብኛል እንጂ፣ በደርግ ጊዜ ጅማ የቦክስ ከተማ ነበረች። ግጥሚያ አለ ከተባለ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከሰቃ ሰው በቡና ጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይመጣ ነበር። አዳራሹ ሲሞላ የተረፈው በመስኮት ይንጠለጠላል። የቤት እመቤቶች ሳይቀሩ የትኛው ልጅ ግራኝ እንደሆነ፣ የትኛው አገጩ እንደሚሳሳ ያውቁ ነበር። የአዲስ አበባ ክለብ ልጆች ሲመጡ "ቡና ለቃሚዎች" እያሉ ያሾፉብናል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ግን ማሾፉ ይቀራል።

ያሠለጠነን ጋሽ ማርቆስ ይባላል። ቦክስ የተማረው ወታደር ቤት ነው። ከወታደርነት ሲወጣ ከወላይታ ቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበር። ቡና በሌለበት ወራት ባዶውን በሚውል መጋዘን ውስጥ ያለማምደናል። የምንመታው ከረጢት በቡና ገለባ የታጨቀ ጆንያ ስለነበር፣ ከልምምድ ስንወጣ ገለባ ገለባ እንሸት ነበር። ጋሽ ማርቆስ ጴንጤ ነው፤ ያኔ ጴንጤነት ያሳስር ስለነበር ጸሎቱን በልቡ ያደርሳል። ከግጥሚያ በፊት እኔ ቢስሚላህ ስል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስና "በል፣ ሁለታችንም ጨርሰናል፣ ግባ" ይለኛል። እንደዚያ ሰው የወደድኩት ሰው ጥቂት ነው።

ካስተማረን ሁሉ አጥብቆ የሚደጋግመው አንድ ነገር ነበር። ወድቃችሁ ዳኛው ሲቆጥርባችሁ አትጣደፉ ይላል። ተደናግጦ ብድግ የሚል ሰው ሁለተኛውን ቡጢ ሳያየው ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ጉልበታችሁ ላይ ሁኑ፣ እስከ ስምንት ተንፍሱ፣ ስምንት ሲባል ተነሱ፤ ሰባቱ ቁጥር የእናንተ ነው፣ ማንም አይነካባችሁም ይለን ነበር። እኛም አመንነው። ዳኛ ቁጥር ይሰርቃል ብሎ ማን ያስባል?

የዚያን ዕለት ተጋጣሚዬ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ያሸነፈ ለብሔራዊ ቡድን ይመረጣል ተብሏል። ሁለቱን ዙር በነጥብ መርቻለሁ። በመጨረሻው ዙር አጋማሽ ላይ አንድ ቡጢ ትከሻዬን ጨርፎኝ አለፈ። ሸራው በላብ ርሶ ነበርና እግሬ ተንሸራተተ፣ ጉልበቴ መሬት ነካ። ምንም አልሆንኩም። ዳኛው ግን መቁጠር ጀመረ። ይቁጠር ብዬ እንደተማርኩት ጉልበቴ ላይ ሆኜ ጋሽ ማርቆስን አየሁት፤ እሱም በእጁ ተረጋጋ አለኝ።

ሕዝቡ አዳራሹን እስኪያናጋው ይጮኻል። ዳኛው ጀርባውን ለአወዳዳሪዎቹ ጠረጴዛ ሰጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ሥር ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አለ። ከዚያ ሰባት አለ። የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ ቀና ስል ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር በአንድ ትንፋሽ ወጡ፤ ጉልበቴን ከሸራው ሳላላቅቅ እጁን በላዬ አወናጨፈ። በዝረራ ተሸነፈ ተባለ።

አሁን የሕዝቡን ዓይን አስቡት። ያየው ምንም ያልተነካ ልጅ፣ ጉልበቱ ላይ ሆኖ አሠልጣኙን እያየ፣ አሠልጣኙም ተረጋጋ እያለው፣ ቆጠራው ሲያልቅበት ነው። ቁጥሩ መዘለሉን በዚያ ጩኸት መሐል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ገና ከአዳራሹ ሳንወጣ "ሸጡት" የሚለው ወሬ ደጅ ደርሶ ጠበቀን። ስብሰባ ተጠራ። እኔ ልጅ ነው ተብዬ በማስጠንቀቂያ አለፍኩ። ጋሽ ማርቆስ መጤ ነው፣ ሃይማኖቱም ያልተወደደ ነው፤ ጥፋቱ እሱ ላይ ወደቀ። ያቺን ቁጥር ሰማሁ ብዬ ብናገር ብጮኽ የሚያምነኝ ጠፋ። ቡድኑ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ጋሽ ማርቆስ ሚስቱን ይዞ ሰቃ ገባ፣ በሰው ቡና ማሳ ቀን ሠራተኛ ሆነ፣ እዚያው ሞተ። እኔንም ከተማው ከማል በርከክ ብሎ ሰየመኝ። ልጆቼ ትምህርት ቤት የበርከክ ልጆች እየተባሉ አደጉ።

ያ ዳኛ ሙስጠፋ ይባላል። በኋላ ዳኝነቱን ትቶ ቡና ነጋዴ ሆነ፣ ሀብት አፈራ፣ መስጊድ አሠራ፣ ደግ ሰው ተባለ። ደግ መሆኑንም አልክድም። አንድ ከተማ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ስንኖር ሰላምታውን እመልሳለሁ፤ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን ግን አናውቅም።

እንግዲህ የዘንድሮው ነገር የመጣው ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። በርጩማ እያለሰለስኩ ሳለ አባ መጫ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከደጄ ቆመ። አባ መጫ በጅማ ዙሪያ የተጣላ ሁሉ የሚፈራው አስታራቂ ነው፤ እሱ ገብቶበት ያልታረቀ የለም ይባላል። በእጁ እርጥብ ሳር ይዟል። ሳር የያዘ ሽማግሌ ደጃችሁ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የአገራችን ሰው ያውቃል፤ ልመና ነው፣ እንቢ ማለትም ነውር ነው። ግቡ ብላቸው፣ ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ። ባለቤቴ ረዲያ ወንበር ይዛ ወጥታ ቆማ ቀረች።

"ከማል፣ ማሎ፣ እባክህ፣ አንድ ቃል ነው ያመጣን" አለ አባ መጫ። "ሙስጠፋ ሐጅ ሊሄድ ነው። ያወቅኩትንም ያላወቅኩትንም አውፍ በለኝ ብሎሃል። ቶሌ፣ እሺ በልና እንቀመጥ።"

አውፍ እኛ ጋ ይቅርታ ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው የሰው ሐቅ በጫንቃው ተሸክሞ አይሄድም፤ ከመነሳቱ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ፣ ወይም ሰው እየላከ፣ አውፍ በሉኝ ይላል። ያወቅኩትን ያላወቅኩትን ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም አውፍ ብያለሁ ይላል፤ በቃ። እኔም በዚህ ዓይነት ስንቱን አውፍ ብያለሁ። ያን ዕለት ግን ቃሉን ለሁለት ከፈልኩት።

"ያላወቀውንስ አውፍ ብያለሁ" አልኩ። "ያወቀውን ግን ስሙን ጠርቶ ይጠይቀኝ።"

አባ መጫ አልገባውም። እንደዚህ ያለ መልስ በሽምግልና ዘመኑ ሰምቶ አያውቅም። ነገር አትቆፍር፣ ሰውዬው አርጅቷል፣ መንገደኛ ነው፣ አንተም ነገ ሟች ነህ አለኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ዱጋ ነው፣ እውነቱን ነው እያሉ አገዙት። እኔ ደግሞ እየተናደድኩ ሄድኩ። ቡና በጅምላ ይሸጣል፣ የእኔ አውፍ ግን በጅምላ አይወጣም፤ ያጠፋውን ያውቀዋል፣ በችርቻሮ ይጠይቀኝ አልኳቸው። አባ መጫ ሳሩን እንደያዘ ተመለሰ። ሽማግሌ ከደጄ ሳይቀመጥ የሄደው በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ረዲያ ወንበሩን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ነገ ሂርማታ ገበያ በየት በኩል ልሂድ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጥልብኛል አለች። ልጆቻችን ተድረዋል፣ የልጅ ልጅ አይተናል፣ አሁን ያ ቁጥር ምን ያደርግልሃል አለችኝ። እውነቷን ነው። ምን ያደርግልኛል? ስሜ እንደሆነ ጠፍቷል፣ ጉልበቴ አርጅቷል፣ የሚጠብቀኝ ግጥሚያ የለም። ግን ሰውዬው ከጌታው ፊት ንጹሕ ሆኖ ሊቆም ሲል እንኳ ያደረገውን ነገር በስሙ ለመጥራት ካልደፈረ፣ ከእሱ ሞት በኋላ የሚጠራው ማን ነው? እኔ ስሞት ደግሞ ጋሽ ማርቆስ ግጥሚያ የሸጠ ሰው ሆኖ ለዘላለም ሊቀር ነው። ይህን ስነግራት ከወንበሩ ተነሳችና "እንግዲያው እስከ መጨረሻው ሂድበት፣ መሐል ላይ እንዳትለሳለስ" አለችኝ።

አርብ ጠዋት ከሙስጠፋ ቤት መልእክት መጣ። ከጁምዓ በኋላ የሽኝት ዱዓ አለ፣ ይምጣ፣ ራሴ እጠይቀዋለሁ ብሏል ተባለ። ታጥቤ፣ ነጭ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ድንኳኑ ከግቢው አልፎ መንገድ ድረስ ተዘርግቷል። ከሰኮሩ የመጡ ዘመዶቹ፣ ቡና የሚያስረክቡት ገበሬዎች፣ የከተማው ነጋዴ፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቹም ሳይቀሩ ተሰብስበዋል። ሙስጠፋ ምንጣፍ ላይ ቆሞ፣ ሰው በተራ እየቀረበ ያቅፈዋል፣ አውፍ ይባባላሉ፣ ያለቅሳሉ። ወረፋው ወደ እኔ ሲደርስ የድንኳኑ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየኝ። የሐሙሱን ወሬ ያልሰማ አልነበረም።

ሰማንያ የተጠጋ ሰው ነው፣ ከዘራውን ተደግፏል። "ከማል፣ ወንድሜ፣ ያወቅኩትንም ያላወቅኩትንም..." ብሎ ጀመረ። ቃሉ ያው የጅምላው ቃል ነበር።

"ጋሽ ሙስጠፋ" አልኩት፣ "እርስዎ ዳኛ ነበሩ። ያን ቀን እንደቆጠሩብኝ አድርገው አሁን ይቁጠሩ። ከዚያ እላለሁ።"

ይህን ብዬ ምንጣፉ ላይ በአንድ ጉልበቴ ተንበረከክሁ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው "በርከክ" ሲል ሰማሁት። ይሳቁ አልኩ። ከአርባ ዓመት በላይ ተስቆብኛል፣ የዚያ ቀን ሳቅ የሚጨምርብኝ ነገር አልነበረም። አባ መጫ ክንዴን ይዞ ሊያነሳኝ ሞከረ፣ አልተነሳሁም።

ሙስጠፋ ዙሪያውን አየ። ከዚያ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አንድም አልጎደለም። ድንኳኑ ተነፈሰ። አልሐምዱሊላህ የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተሰማ። አባ መጫ ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ ይኸው ቆጠረልህ፣ በል ቃልህን ጠብቅ አለኝ።

እኔ ከጉልበቴ አልተነሳሁም። ልዋሽ አልፈልግም፣ በዚያች ደቂቃ ፈራሁ። ቃል ገብቼ ነበር፣ ሰውዬውም ቆጥሯል፣ ሕዝቡ ምስክር ነው። አውፍ ካልኩ ውሸቱ በእኔው አፍ ይታተማል፤ ካላልኩ ደግሞ ከዚያ ድንኳን ቃል አፍራሽ ሆኜ እወጣለሁ፣ ዳግም ማንም አይሰማኝም። የሙስጠፋን ፊት ቀና ብዬ አየሁትና ሁሉም እንዲሰማ "ይህ ቆጠራ የሌላ ሰው ነው" አልኩት። "የእኔን ይቁጠሩልኝ።"

አንዳንዱ በቃ፣ ይህ ሰው አብዷል አለ። ሁለት ጎልማሶች ሊያስወጡኝ ተነሱ። ሙስጠፋ ግን እጁን አንስቶ አስቆማቸው። ከዘራውን ለአባ መጫ ሰጠውና ያለ ድጋፍ ቆመ። ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ እንዳደረገው ፊቱን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ፤ ድምፁን ግን ድንኳኑ ጫፍ ያለው ሰው እንዲሰማው አድርጎ አወጣው።

"አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።"

ቆመ። ለቅሶ ሊያመልጠው መሰለኝ።

"ሰባት" አለ። ከዚያ ስምንት ዘጠኝ አሥር በአንድ ትንፋሽ ወጡ፣ ቀኝ እጁም በራሱ አየር ላይ ተወናጨፈ።

እኔ ማልቀሴን ያወቅሁት ጢሜ ሲርስ ነው። ከአራት ቀጥሎ ሰባት። ያበድኩ እየመሰለኝ፣ ጆሮዬን እየጠረጠርኩ የኖርኩባት ነገር በሕዝብ ፊት በአየር ላይ ቆማ ነበር።

ሙስጠፋ ወንበር አምጡልኝ ብሎ ተቀመጠና ተናገረ። ማንም አላዘዘኝም አለ። ከአዲስ አበባው ቡድን ጋር የመጣ አንድ ባለ ሽጉጥ ካድሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ከማል ሲንበረከክ ያ ሰው ሰዓቱን አየ። "እኔ ጨርስ ያለኝ መሰለኝ፣ ፈራሁ። ዛሬ ሳስበው ርቦት ይሆናል ሰዓቱን ያየው። ምንም አላለኝም። ከዚያ በኋላም ምንም አላለኝም" አለ። ሸጡት የሚለው ወሬ ሲነሳ እውነቱን ልናገር አስቤ ነበር፣ ቀን በቀን ነገ እያልኩ ዘመኑ አለቀ አለ። ያን ያህል ዓመት የጠላሁት ሰው እንዲህ በትንሽ ነገር እንደፈራ ስሰማ ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። በአንድ ሰው ሰዓት ማየት የስንት ሰው ኑሮ ፈረሰ!

"አሁን ስሙን ጠርቻለሁ፣ አውፍ በለኝ" አለኝ።

"የእኔን አውፍ ብያለሁ" አልኩት። "ከልቤ። የጋሽ ማርቆስ ሐቅ ግን የእኔ ስላልሆነ አውፍ ልለው አልችልም። የሞተን ሰው ሐቅ ማንም ስለ እሱ ሆኖ አይተውም። ሚስቱ ግን ሰቃ አለች።"

አሁን አባ መጫ ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ሙስጠፋን እያየ "ነገ ጠዋት ነው መንገድህ?" ብሎ ጠየቀው። እሁድ ነው፣ ነገ ጊዜ አለን አለ ሙስጠፋ። ሐሙስ ሳር ይዞ የለመነኝ ሰው ቅዳሜ ማለዳ መኪናው ውስጥ ከሁላችን ቀድሞ ገብቶ ተቀምጦ አገኘሁት።

ዝናብ ያዘንብ ነበር። ከጅማ እስከ ሰቃ ሦስታችን አብረን ተጓዝን። የከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ ሙስጠፋ መንገዱን ራሱ ለሹፌሩ አሳየው፤ ከገበሬ ቡና ልገዛ ስመጣ በዚህ በር እያለፍኩ ቤቷን አውቀዋለሁ አለ። ይህን ሲል ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የጋሽ ማርቆስን ሚስት፣ እማማ አማረችን፣ ያገኘናቸው ከቤታቸው ጓሮ፣ የቡና ችግኝ እየነቀሉ ወደ ላስቲክ ሲያዛውሩ ነው። እጃቸው ጭቃ ነው። እኔን ያውቁኛል፣ በበዓል በበዓል እጠይቃቸዋለሁ። ጋሽ ሙስጠፋን ግን አላወቁትም። ግቡ፣ ዝናብ መታችሁ አሉን። ሙስጠፋ አልገባም። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሞ፣ ዳኛው እኔ ነኝ፣ ከአራት ወደ ሰባት ዘልያለሁ፣ ባለቤትዎ ምንም አልሸጠም፣ እውነቱን እያወቅሁ ዝም ብዬ ስሙ ሲጠፋ አየሁ አላቸው። አንድም ነገር አልሸፈነም። ለእኔ ከተናገረው ይልቅ ለእሳቸው የተናገረው ይበልጥ ነበር።

እማማ አማረች ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ማርቆስ ሊሞት ሲል ጠየቅሁት" አሉ። "'ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ፣ ሸጠኸዋል?' አልኩት። 'አልሸጥኩም አማረች' አለኝ። አምኜሃለሁ አላልኩትም። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ፣ በዚያው ሄደ።"

ከዚያ ወደ ሙስጠፋ ቀና አሉ። "እርስዎን ጌታ ይቅር ይበልዎ፣ እኔም ብያለሁ። የእኔንስ ማን ይበለኝ?"

ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። እኔ ደግሞ ትናንት በድንኳኑ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ የሞተን ሰው ሐቅ ማንም አይተውም ብዬ አውጄያለሁ። በማርቆስ ስም አውፍ ብያለሁ ብል ምን ነበረበት? ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለሦስት ቀን የተጣላሁት እንዲህ በሽፍንፍን ከሚሰጥ ይቅርታ ጋር ነው። አላልኩም። እማማ፣ ይህን እኔ ልል አልችልም አልኳቸው፤ ስለው አጥንቴ ድረስ አመመኝ።

የተናገረው ሙስጠፋ ነው። ከዘራውን ጭቃው ላይ ተክሎ፣ ያላመኑት በእኔ ምክንያት ነው፣ የእርስዎም ጥፋት የእኔ ነው አላቸው። አረፋት ላይ ስቆም ከራሴ በፊት የምለምነው ይህን ነው አላቸው። እሳቸው ወደ ችግኛቸው ጎንበስ አሉ። አባ መጫ ፊቱን አዙሮ ነጠላውን ዓይኑ ላይ አደረገ።

ሙስጠፋ ሐጅ አድርጎ በሰላም ተመልሷል። አሁን አርብ አርብ አንድ ሰልፍ ላይ እንሰግዳለን፣ ከሶላት በኋላም እናወራለን። አውፍ ብያለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው። ከተማው ግን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ደግ አደረግህ ይለኛል፤ ግማሹ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ገመና አደባባይ አወጣህ፣ በሰላም የምትኖርን ባልቴት አስለቀስህ ይለኛል።

በሰላም የምትኖር? እናንተ አንባቢዎቼ ፍረዱ። የእኔ ቁስል ስም ብቻ መስሎኝ ነበር። ያቺ የተዘለለች ቁጥር ግን ሰቃ ድረስ ሄዳ በባልና ሚስት መሐል ገብታ ተቀምጣለች፣ ሰው በተኛበት አልጋ ላይ አብራ ሰንብታለች። ሐሙስ ዕለት ያችን የጅምላ ቃል ብዬ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ ነበር፣ ረዲያ ትደሰት ነበር፣ ሙስጠፋ ቀለለኝ ብሎ ይሄድ ነበር። ያቺ ሴት ግን ባሏን እንደጠረጠረች ትሞት ነበር። ስለዚህ እኔን ቂመኛ በሉኝ፣ ግድ የለኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንንም በጅምላ ይቅር አልልም፣ ማንንም በጅምላ ይቅርታ አልጠይቅም። በበዓል ዋዜማ "ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ" የሚል ጽሑፍ ስልካችሁ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ የምትልኩ ካላችሁ፣ ለእኔ አትላኩልኝ። ምን እንዳደረጋችሁኝ ታውቃላችሁ። መጥታችሁ ንገሩኝ፣ እኔም እንደዚያው እመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ሲከነክነኝ ከረመ። ሰውየውን ደጃቸው ድረስ በመውሰዴ በድያቸው ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር። በቀደም ሰቃ ሄጄ እማማ አማረችን በቀጥታ ጠየቅኋቸው። ችግኛቸውን እያጠጡ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም።

"አላጠፋህም ልጄ" አሉኝ፣ "ዘገየህ እንጂ።"